የቁርጭምጭሚት ትርፍ አጥንት፦ ሕመሙን ለመለየትና ለመቆጣጠር የሚረዳ ዝርዝር መመሪያ

በቁርጭምጭሚታቸው ላይ ትርፍ አጥንት እንዳለ በራጅ የተነገራቸው ብዙ ሰዎች ለወራት ሲለጠጡና ሲታሹ ይከርማሉ፤ ሕመሙ ግን እንዳለ ይቀራል፤ አንዳንዴም ይብሳል። ለዚህ በተደጋጋሚ የሚታየው ምክንያት ለተረከዝ ሥር ሕመም የተሰጠውን ምክር እንዳለ ወስደው ለቁርጭምጭሚት ፊት ሕመም መጠቀማቸው ነው። የሁለቱ አያያዝ በአንዳንድ ነጥቦች ላይ ተቃራኒ ነው፤ የተረከዝ ሥር ሕመምን የሚያስታግሠው ጠንካራ የባት መለጠጥ የቁርጭምጭሚትን ፊት ሊያቆስለው ይችላል። ስለዚህ የዚህ መመሪያ ትልቁ ክፍል የሕመሙን ቦታ በትክክል መለየት ላይ ያተኩራል፤ እባክዎ ይህን ክፍል ዘለው ወደ እንቅስቃሴዎቹ አይሂዱ።

ከመጀመርዎ በፊት አንድ ነገር ይያዙ። ትርፍ አጥንት በልምአጥንት (በመገጣጠሚያ ውስጥ የአጥንቶችን ጫፍ በሚያለብሰው ልሙጥ ንብርብር) ጠርዝ ላይ የሚበቅለው መገጣጠሚያው በተደጋጋሚ ወለምታ፣ በስብራት፣ በተደጋገመ ግጭት ወይም በመገጣጠሚያ መበላት ምክንያት ሲጎዳ ነው። አጥንቱ አንዴ ከበቀለ በኋላ በመድኃኒት፣ በምግብ ወይም በማሸት አይሟሟም። ይሁን እንጂ ብዙውን ጊዜ የሚያመው አጥንቱ ራሱ ሳይሆን በሁለት አጥንቶች መካከል እየተቆነጠጠ የሚያብጠው ለስላሳ ሽፋን ነው። ራጃቸው ላይ ትርፍ አጥንት እየታየ ምንም ሕመም የሌላቸው ሰዎች የሚኖሩትም በዚህ ምክንያት ነው። ሊያሳኩት የሚገባው ግብ እንግዲህ መቆንጠጡን መቀነስና እብጠቱ እንዲበርድ ማድረግ ነው፤ ይህ ደግሞ በአብዛኛው ያለ ቀዶ ሕክምና ሊሞከር የሚችል ነገር ነው።

ቅድመ ጥንቃቄ፦ በቤት የማይጠበቁ ምልክቶች

ከሚከተሉት አንዱ ካለብዎት መመሪያውን እዚህ ላይ አቁመው ወደ ሕክምና ተቋም ይሂዱ።

• ከወለምታ ወይም ከአደጋ በኋላ አራት እርምጃ መራመድ ካቃተዎት፣ ወይም ከቁርጭምጭሚቱ ግራና ቀኝ ጎልተው የወጡትን አጥንቶች ሲጫኑ ክፉኛ የሚያም ከሆነ፣ ስብራት ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ራጅ ይነሡ።

• መገጣጠሚያው ቀልቶና ግሎ ካበጠ፣ በተለይም ትኩሳት ወይም ብርድ ብርድ ማለት ካለበት፣ ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል። ይህ ሌሊት አልፎ እስኪነጋ የሚጠበቅ ጉዳይ አይደለም።

• አንድ ባትዎ ብቻ አብጦ የሚያም ከሆነ የደም መርጋት መሆን አለመሆኑ በአስቸኳይ መታየት አለበት። የትንፋሽ ማጠር ወይም የደረት ሕመም ከተጨመረበት በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

• የስኳር ሕመም ካለብዎትና እግርዎ የሚደነዝዝ ከሆነ፣ እግሩ ወይም ቁርጭምጭሚቱ ሲያብጥና ሲግል ሕመሙ ቀላል ቢሆንም እንኳ አይናቁት፤ አጥንቶቹ ሳይታወቅዎት እየተሰባበሩ ሊሆን ይችላል። ሐኪም እስኪያየው ድረስ እግሩን አይርገጡበት።

• በእረፍት የማይቀንስ፣ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ሕመም፣ ወይም ምክንያቱ ያልታወቀ የክብደት መቀነስ አብሮት የመጣ ሕመም የትርፍ አጥንት ጠባይ አይደለም።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

አንድ የመለኪያ ሜትር፣ ምንም ያልተደገፈበት ግድግዳ፣ የማይነቃነቅ ወንበር፣ ፎጣ፣ መካከለኛ ጥንካሬ ያለው የመለጠጫ ላስቲክ፣ ከ6 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የተረከዝ ማንሻ (ጫማ ውስጥ ከተረከዝ ሥር የሚገባው ጥንድ ሶል) እና ማስታወሻ ደብተር ያዘጋጁ። በደብተሩ ላይ በየቀኑ ሦስት ነገር ይጻፉ፦ ጠዋት ሲነሡ ሕመሙ ከ0 እስከ 10 ስንት እንደሆነ፣ በዕለቱ ሕመሙን ያባባሰው እንቅስቃሴ ምን እንደነበረ፣ ማታ እብጠት መኖር አለመኖሩን። ይህን የሚያቋርጡ ሰዎች ከሳምንታት በኋላ መሻላቸውን ወይም አለመሻላቸውን በእርግጠኝነት መናገር ስለሚያቅታቸው ሐኪም ፊት ሲቀርቡም የሚያሳዩት ነገር አይኖራቸውም።

ደረጃ 1፦ ሕመሙ የት እንዳለ በጣትዎ ያግኙ

ጫማና ካልሲ አውልቀው ወንበር ላይ ይቀመጡ፤ የሚያምዎትን እግር በሌላኛው ጉልበት ላይ ያሳርፉ። ምርመራውን ሁልጊዜ በደህናው እግር ይጀምሩ፤ ጤናማው ቦታ ሲጫኑት ምን እንደሚሰማ ካላወቁ የታመመውን መለየት አይችሉም።

ሀ. ፊት ለፊት

የእግርዎን ጫፍ ወደ ራስዎ ይሳቡ። በቁርጭምጭሚቱ ፊት፣ ወደ ውስጥ በኩል ጠጋ ብሎ አንድ ወፍራም ጅማት ተወጥሮ ብቅ ይላል። አውራ ጣትዎን በዚህ ጅማትና በውስጥ በኩል ጎልቶ በወጣው አጥንት መካከል ባለው ጎድጓዳ ቦታ ላይ ያኑሩ። አሁን እግርዎን ያላሉትና ጫፉን በዝግታ ጥቂት ወደ ታች ይዘርጉ፤ መገጣጠሚያው በጣትዎ ሥር ይከፈታል። በዚህ ጊዜ ጠንካራ ጠርዝ ወይም ትንሽ ጉብታ ሊያገኙ ይችላሉ። ጣትዎን ሳያነሡ እግሩን ቀስ ብለው ወደ ላይ ይመልሱት። የሚያውቁት ያ ሕመም ከጣትዎ ሥር ስለት ሆኖ ከተመለሰ፣ ሕመሙ የቅልጥም አጥንት (ቲቢያ) የታችኛው ጠርዝ ከሥሩ ካለው ታለስ ከተባለው አጥንት ጋር የሚገናኝበት የፊተኛው መቆንጠጥ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ያንኑ ምርመራ በውጭ በኩልም ይድገሙት። ይህ ዓይነቱ ሕመም ቁጢጥ ሲሉ፣ ደረጃና ዳገት ሲወጡ ወይም ከዝላይ ሲያርፉ ይጠነክራል። በእግር ኳስ ተጫዋቾች ዘንድ የተለመደ ነው።

ለ. ከኋላ፣ በመገጣጠሚያው ጥልቀት

ከአኪለስ ጅማት (ባትን ከተረከዝ ጋር ከሚያያይዘው ወፍራም ጅማት) ፊት፣ በጅማቱና በውጭ በኩል ጎልቶ በወጣው አጥንት መካከል ይጫኑ፤ ቀጥሎ የእግርዎን ጫፍ እስከ መጨረሻው ወደ ታች ይዘርጉ። ሕመሙ በዚህ ጊዜ የሚመጣ፣ ቁልቁለት ሲወርዱ ወይም ከፍ ያለ ተረከዝ ያለው ጫማ ሲያደርጉ የሚብስ ከሆነ የኋለኛው መቆንጠጥ ነው። ምክንያቱ አንዳንድ ሰው አብሮት የሚወለደው ትንሽ ተጨማሪ አጥንት ወይም የታለስ የኋላ ጫፍ መርዘም ሊሆን ይችላል። በባሌት ተወዛዋዦች ላይ በብዛት የሚታየው ይህ ነው።

ሐ. ከተረከዝ ኋላ፣ ቆዳው ሥር

የአኪለስ ጅማት ተረከዝ ላይ የሚለጠፍበት ቦታ ጠንክሮና አብጦ በጫማው ጀርባ የሚፈገፈግ ከሆነ ችግሩ የጅማቱ መለጠፊያ ላይ ነው። ሕመሙ የጀመረው ሲፕሮፍሎክሳሲን ወይም ከዚያ ወገን የሆነ ጸረ ተሕዋስያን መድኃኒት በሚወስዱበት ጊዜ ከሆነ ለሐኪምዎ ወዲያውኑ ይንገሩ፤ እነዚህ መድኃኒቶች ጅማቱን እስከ መበጠስ ሊያደርሱት ይችላሉ።

መ. ከተረከዝ ሥር

ጠዋት ከአልጋ ሲወርዱ የመጀመሪያዎቹ እርምጃዎች ላይ የሚወጋ፣ ሲራመዱ ጥቂት የሚለቅ የተረከዝ ሥር ሕመም የውስጥ እግር ጅማት ጉዳት ነው። በራጅ ላይ የሚታየው የተረከዝ ትርፍ አጥንት አብሮት ቢገኝም የቁርጭምጭሚት ትርፍ አጥንት አይደለም፤ ከዚህ በታች ያለው መመሪያም ለእርሱ አልተዘጋጀም።

ሠ. በመላው ቁርጭምጭሚት

አንድ ነጥብ ላይ የማይቆም፣ ጠዋት ከድርቀት ጋር የሚመጣ፣ ከዓመታት በፊት ስብራት በነበረበት እግር ላይ የተነሣ ሕመም የመገጣጠሚያ መበላትን ያመለክታል። ትርፍ አጥንቱ በዚህ ጊዜ የሰፊው ችግር አንድ ምልክት ብቻ ነው፤ ወደ ደረጃ 3 ቀድመው ይሂዱ።

ቦታውን መለየት ካልቻሉስ? ሕመሙን በጣም ባባሰው እንቅስቃሴ ማግስት ጠዋት ምርመራውን ይድገሙት፤ ነጥቡ በዚያን ጊዜ ጎልቶ ይገኛል። አሁንም ካልተለየ አይገምቱ፤ ለፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ወይም ለአጥንት ሐኪም ያሳዩት።

ደረጃ 2፦ እንቅስቃሴውን በግድግዳ ይለኩ

ይህ መለኪያ የቁርጭምጭሚቱን ወደ ላይ መታጠፍ ያሳያል፤ የሚፈልገው ሜትርና ግድግዳ ብቻ ነው።

1. በባዶ እግርዎ ወደ ግድግዳው ዞረው ይቁሙ፤ የሚለካውን እግር አውራ ጣት ከግድግዳው 5 ሳንቲ ሜትር ያርቁት፤ ሌላውን እግር ለሚዛን ወደ ኋላ ያድርጉ።

2. ተረከዝዎን ከወለሉ ሳያነሡ ጉልበትዎን በሁለተኛው ጣት አቅጣጫ ቀጥ አድርገው ወደ ግድግዳው ያምጡ። ጉልበቱ ወደ ውስጥ ካዘነበለ ልኬቱ የሌለውን እንቅስቃሴ ያሳይዎታል።

3. ጉልበቱ ግድግዳውን ከነካ እግሩን አንድ ሳንቲ ሜትር ወደ ኋላ ይሳቡና ይድገሙት። ጉልበቱ የሚነካበትን፣ ተረከዙም የማይነሣበትን የመጨረሻ ርቀት ያግኙ። ገና ከጅምሩ ካልነካ ወደ ግድግዳው ይቅረቡ።

4. ከአውራ ጣት ጫፍ እስከ ግድግዳው ያለውን ርቀት ለሁለቱም እግሮች ይጻፉ።

በሁለቱ እግሮች መካከል ያለው ልዩነት ወደ 2 ሳንቲ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ትኩረት ይሻል። ከቁጥሩ ይልቅ ግን እኔ ይበልጥ የምመለከተው የመጨረሻው ቦታ ላይ ሲደርሱ የሚሰማውን ስሜት ነው። ባትዎ ላይ መወጠር ከተሰማዎት የሚያግድዎት የባት ጡንቻ ነው፤ ይህ በመለጠጥ ይሻሻላል። ከፊት ለፊት መቆንጠጥ ወይም ጠንካራ ግጭት ከተሰማዎት የሚያግድዎት መገጣጠሚያው ራሱ ነው፤ ይህን በመለጠጥ ማስለቀቅ አይቻልም። በማጠፊያው መካከል ጠጠር የገባበትን በር በኃይል መግፋት ማጠፊያውን ይጎዳል እንጂ ጠጠሩን አያወጣም። የትኛው እንደተሰማዎት «ባት» ወይም «ፊት» ብለው ከቁጥሩ አጠገብ ይጻፉ፤ ደረጃ 5 ላይ ይፈለጋል።

ማስጠንቀቂያ፦ ልኬቱን በየቀኑ አይውሰዱ። በሁለት ሳምንት አንዴ ይበቃል፤ መገጣጠሚያውን በየዕለቱ እስከ መጨረሻው መግፋት እብጠቱን ይቀሰቅሰዋል።

ደረጃ 3፦ ተገቢውን ምስል ይነሡ፣ ውጤቱንም ይረዱ

ራጁ ቆመው፣ ክብደትዎ በእግሩ ላይ አርፎ እንዲነሣ ይጠይቁ። ተኝተው የተነሡት ራጅ በአጥንቶቹ መካከል ያለውን ክፍተት ከእውነተኛው ሰፋ አድርጎ ሊያሳይ ይችላል። ከፊትና ከጎን የሚነሡት የተለመዱ ናቸው፤ ይሁንና በደረጃ 1 ሕመሙን ያገኙት ከፊት በውስጥ በኩል ከሆነ በዚያ ቦታ ያለ ትርፍ አጥንት በጎን ራጅ ላይ በሌላው አጥንት ሊከለል ስለሚችል፣ ሰያፍ ራጅ ያስፈልግ እንደሆነ ሐኪሙን ይጠይቁ። «ራጁ ምንም የለውም» ተብለው ጣትዎ ሥር ግን ጉብታው የሚዳሰስ ከሆነ አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

በሪፖርቱ ላይ «ኦስቲዮፋይት» የሚለው ቃል በመገጣጠሚያው ጠርዝ ላይ የበቀለ ትርፍ አጥንትን፣ «ኤንቴሶፋይት» ደግሞ ጅማት በሚለጠፍበት ቦታ ላይ የበቀለውን ያመለክታል። «ኦስ ትራይጎነም» ከኋላ ያለው ትንሹ ተጨማሪ አጥንት ነው። ከሁሉ በላይ ግን የመገጣጠሚያው ክፍተት ጠቧል ወይስ አልጠበበም የሚለውን ዓረፍተ ነገር ይፈልጉ። ክፍተቱ ካልጠበበ ልምአጥንቱ በመጠኑም ቢሆን አለ ማለት ነው፤ ሕክምናው በሙሉ የተሻለ ውጤት ይኖረዋል። ከጠበበ የሚጠብቁትን ውጤትም የሚመርጡትን ሕክምናም ይለውጣል። ይህን ሳይጠይቁ ከሐኪም ክፍል አይውጡ።

ሲቲ ስካን የአጥንቱን ቅርጽና መጠን በደንብ ያሳያል፤ ብዙውን ጊዜ የሚታዘዘው ቀዶ ሕክምና ሲታሰብ ነው። ኤምአርአይ ለስላሳውን ሽፋን፣ ጅማቶችንና የልምአጥንት ጉዳትን ያሳያል፤ መገጣጠሚያው የሚቆለፍ፣ የሚከዳ ወይም ከሦስት ወር ትክክለኛ እንክብካቤ በኋላ ያልተሻለ ከሆነ ይጠይቁት።

ደረጃ 4፦ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት፣ እብጠቱን ማብረድ

በዚህ ጊዜ ማጠናከሪያ እንቅስቃሴ አይጀምሩ። ያበጠ ሽፋን ይበልጥ ቦታ ስለሚይዝ ይበልጥ ይቆነጠጣል፤ ሲቆነጠጥ ደግሞ ይበልጥ ያብጣል። መጀመሪያ ይህ ዙር መሰበር አለበት።

1. ለፊተኛው መቆንጠጥ የተረከዝ ማንሻውን በሁለቱም ጫማዎች ውስጥ ያስገቡ። ተረከዙ ከፍ ሲል ቁርጭምጭሚቱ በእያንዳንዱ እርምጃ የሚታጠፍበት መጠን ይቀንሳል። በአንድ ጫማ ብቻ ማስገባት ግን ወገብንና ዳሌን ያዛባል። የኋለኛው መቆንጠጥ ካለብዎት ማንሻ አይጠቀሙ፤ ተረከዙ ዝቅ ያለ፣ የተደላደለ ጫማ ያድርጉ።

2. የሚቆነጥጠውን እንቅስቃሴ ለይተው ያቁሙ እንጂ እንቅስቃሴን በሙሉ አያቁሙ። ለፊተኛው ቁጢጥ ማለትን፣ ዳገትን፣ ዝላይንና ኳስ መምታትን፤ ለኋለኛው ቁልቁለትን፣ በጣት መቆምንና ኳስ መምታትን ይተዉ። በደልዳላ መሬት ላይ ሳያነክሱ መራመድ፣ መዋኘት ወይም ኮርቻው ከፍ ያለ ብስክሌት መንዳት ይፈቀዳል። አንክሰው የሚራመዱ ከሆነ ርቀቱን ያሳጥሩ።

3. በረዶ በፎጣ ጠቅልለው ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ሕመሙ ያለበት ቦታ ላይ ያድርጉ፤ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ በተለይም ከብዙ መቆም በኋላ ይድገሙት። በረዶን በቀጥታ ቆዳ ላይ አያሳርፉ። እግርዎ የሚደነዝዝ ወይም የደም ዝውውር ችግር ያለበት ከሆነ በረዶም ሙቀትም አይጠቀሙ።

4. መድኃኒት ካስፈለገ በቆዳ ላይ በሚቀባ ዳይክሎፌናክ ይጀምሩ፤ መገጣጠሚያው ለቆዳ ቅርብ ስለሆነ የሚያስታግሣቸው ሰዎች አሉ፤ ወደ ደም የሚገባውም ከሚዋጠው ያነሰ ነው። ኢቡፕሮፌን የሚወስዱ ከሆነ ከምግብ ጋር፣ ለአጭር ጊዜ ብቻ ይውሰዱ። የጨጓራ ቁስለት፣ የኩላሊት ወይም የልብ ሕመም፣ ከፍተኛ የደም ግፊት ያለብዎት፣ ነፍሰ ጡር የሆኑ ወይም ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ሐኪም ሳያማክሩ ኢቡፕሮፌንም ሆነ ዳይክሎፌናክ አይንኩ። ፓራሲታሞል ለጤናማ ጎልማሳ በ24 ሰዓት ከ4 ግራም ማለፍ የለበትም፤ የጉንፋን መድኃኒቶች ውስጥም ስለሚገኝ ድምሩን ይቁጠሩ። ማስታገሻ ውጦ ስፖርት መሥራት ግን ፈጽሞ ተገቢ አይደለም፤ ሕመሙ የሚነግርዎትን መጠን ያጠፋብዎታል።

የጉብታውን ቦታ በጣት፣ በጠርሙስ ወይም በሌላ ጠንካራ ነገር አይሹ። የፊተኛው ትርፍ አጥንት የሚገኘው በመገጣጠሚያው ከረጢት ውስጥ ስለሆነ ማሸቱ አይደርስበትም፤ የሚደርሰው ያበጠው ሽፋንና በቦታው የሚያልፉት ነርቮች ላይ ነው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ የጠዋቱ ሕመም ካልቀነሰ በመጀመሪያ ደብተርዎን ይመልከቱ፤ ብዙ ጊዜ የተረሳ አንድ የዘወትር እንቅስቃሴ ይገኛል፤ ለምሳሌ ቁጢጥ ብሎ ልብስ ማጠብ ወይም መንበርከክ። እርሱን አቁመው ሁለት ሳምንት ይጨምሩ። ያኔም ካልተለወጠ ወደ ደረጃ 7 ከመሄድ ይልቅ የደረጃ 1ን ምርመራ በባለሙያ ያስደግሙ፤ ቦታው ተሳስቶ ሊሆን ይችላል።

ደረጃ 5፦ ማጠናከር

የጠዋቱ ሕመም 3 ወይም ከዚያ በታች ሲሆን ይጀምሩ። በሥራው ጊዜ እስከ 3 የሚደርስ ሕመም ይፈቀዳል፤ በማግስቱ ጠዋት ግን ወደነበረበት መመለስ አለበት። ካልተመለሰ አንድ ቀን አርፈው ድግግሞሹን በግማሽ ይቀንሱ። ቅደም ተከተሉን አያዛቡ፤ እያንዳንዱን ለአንድ ሳምንት ያህል ያለ ችግር ከሠሩ በኋላ ቀጣዩን ይጨምሩበት።

1. ላስቲክ ወደ ውጭ መሳብ። ወንበር ላይ ተቀምጠው ላስቲኩን በሁለቱ እግሮች ፊት ዙሪያ ያስሩ። ጉልበትዎን ሳያንቀሳቅሱ የታመመውን እግር ጫፍ ብቻ ወደ ውጭ ያዙሩ፤ ሁለት ሰከንድ ይያዙ፤ በዝግታ ይመልሱ። 12 ጊዜ ሠርተው አርፈው ሦስት ዙር ይድገሙ። በተደጋጋሚ ወለም የሚለውን ቁርጭምጭሚት የሚጠብቁት ጡንቻዎች እነዚህ ናቸው፤ ወለምታው ካልቆመ ደግሞ የመገጣጠሚያው መጎዳት አይቆምም። ሰዎች አሰልቺ ነው ብለው የሚዘሉት ይህንኑ ነው፤ እኔ ግን አንድ ብቻ ምረጥ ብባል ይህን እመርጣለሁ።

2. በአንድ እግር መቆም። ግድግዳ አጠገብ፣ ጉልበትዎን ጥቂት ሸብረክ አድርገው 30 ሰከንድ ይቁሙ፤ ሦስት ጊዜ ይድገሙ። ሲቀልልዎት ራስዎን ወደ ግራና ወደ ቀኝ እያዞሩ፣ ከዚያም ዓይንዎን ጨፍነው ይሥሩት። ዓይን ጨፍነው ሲሠሩ እጅዎ ከግድግዳው አንድ ጣት ብቻ ይራቅ።

3. ተረከዝ ማንሣት። በደልዳላ ወለል ላይ በሁለት እግር ቆመው ተረከዝዎን በሁለት ሰከንድ ያንሡ፤ በሦስት ሰከንድ ያውርዱ። 15 ጊዜ ሲችሉ ወደ አንድ እግር ይለፉ። ተረከዙን ከደረጃ ጠርዝ በታች አያውርዱ፤ ለፊተኛው መቆንጠጥም ሆነ ለአኪለስ መለጠፊያ ሕመም ይህ ጎጂ ነው። የኋለኛው መቆንጠጥ ያለባቸው እስከ ግማሽ ብቻ ያንሡ።

4. ባት መለጠጥ፣ በደረጃ 2 ላይ «ባት» ብለው ለጻፉ ብቻ። ግድግዳ ተደግፈው አንዱን እግር ወደ ኋላ ይዘርጉ፤ ተረከዙ ወለሉን እንደነካ 30 ሰከንድ ይያዙ፤ ሦስት ጊዜ ይድገሙ። ከፊት መቆንጠጥ በተሰማ ቅጽበት ያቁሙ። «ፊት» ብለው የጻፉ ሰዎች ይህን ተራ ይለፉት።

ከ6 ሳምንት በኋላ የግድግዳው ልኬት ባይሻሻል ተስፋ አይቁረጡ። አጥንት ያገደው እንቅስቃሴ ላይመለስ ይችላል። መመዘኛዎ ሕመሙና መሥራት የሚችሉት ነገር መሆን አለበት፤ ብዙ ሰው ጥቂት እንቅስቃሴ ጎድሎትም ያለ ሕመም ይኖራል።

ደረጃ 6፦ ወደ ሥራና ስፖርት መመለስ

በታመመው እግር ብቻ ተረከዝዎን 15 ጊዜ ማንሣት፣ 30 ሰከንድ ሳይወላገዱ መቆምና 30 ደቂቃ ፈጠን ብለው ሳያነክሱ መራመድ ከቻሉ በደልዳላ መሬት ላይ አንድ ደቂቃ ሩጫና አንድ ደቂቃ እርምጃ እያፈራረቁ ይጀምሩ። ዳገት፣ ዝላይና ኳስ መምታት የመጨረሻዎቹ ናቸው። በአንድ ሳምንት ውስጥ ከአንድ አዲስ ነገር በላይ አይጨምሩ። ወለምታ የሚደጋገምብዎ ከሆነ በስፖርት ጊዜ የቁርጭምጭሚት መደገፊያ ይልበሱ። ማንሻውን ማውጣት ከፈለጉም ከወፍራሙ ወደ ቀጭኑ እየቀየሩ በሳምንታት ውስጥ ያውጡት እንጂ በአንድ ቀን አያስወግዱት።

ደረጃ 7፦ ከ3 እስከ 6 ወር ካልተሻለ

መርፌ። ወደ መገጣጠሚያው የሚሰጥ የስቴሮይድ መርፌ እብጠቱን ለጊዜው ያበርዳል፤ አጥንቱን አይነካም። ጥቅሙ ለሳምንታት ወይም ለጥቂት ወራት የሚቆይ ሲሆን፣ በዚያ ጊዜ ውስጥ ደረጃ 5ን ካልሠሩበት ባክኖ ይቀራል። የስኳር ሕመም ካለብዎት ለተወሰኑ ቀናት የደም ስኳርዎ ከፍ ሊል ስለሚችል ቶሎ ቶሎ ይለኩ። መርፌው በአኪለስ ጅማት ውስጥ እንዲወጋ አይፍቀዱ፤ ጅማቱ ሊበጠስ ይችላል።

ቀዶ ሕክምና። አሁን አሁን በብዛት የሚሠራው በትንንሽ ቀዳዳዎች በሚገባ ካሜራ ሲሆን ትርፍ አጥንቱና ያበጠው ሽፋን ይጠረጋሉ። ከመስማማትዎ በፊት ለቀዶ ሐኪሙ እነዚህን ጥያቄዎች ያቅርቡ፦ የመገጣጠሚያዬ ክፍተት ጠቧል? ልምአጥንቱ ላይ ሌላ ጉዳት አለ? ጅማቶቼ ልል ከሆኑ አብረው ይጠገናሉ? የመጨረሻው ጥያቄ ክብደት አለው፤ ልል ጅማት ሳይታከም አጥንቱ ብቻ ከተጠረገ ጉዳቱ ስለሚቀጥል ትርፍ አጥንቱ ተመልሶ ሊበቅል ይችላል። ክፍተቱ በጣም የጠበበ ሰው ደግሞ በመጥረግ ብቻ የሚያገኘው እፎይታ አነስተኛ ስለሆነ ሌሎች አማራጮችን ይጠይቅ።

ከቀዶ ሕክምና በኋላ። እግርዎን ከልብዎ ከፍ አድርገው ያሳርፉ፤ ቁስሉን በደረቁ ይያዙ፤ መቼ መርገጥ እንደሚጀምሩ የሚወስነው የቀዶ ሐኪምዎ ነው። ልምአጥንት ወይም ጅማት አብሮ ካልተሠራ ብዙውን ጊዜ በቀናት ውስጥ በመጠኑ መርገጥ ይፈቀዳል። ሐኪሙ በፈቀደበት ቀን ቁርጭምጭሚቱን ወደ ላይና ወደ ታች ማንቀሳቀስ ይጀምሩ፤ መዘግየቱ መገጣጠሚያው በጠባሳ እንዲደርቅ ያደርጋል። ወደ ስፖርት መመለስ በአብዛኛው ከ2 እስከ 3 ወር ይወስዳል።

በእግርዎ አናት ላይ መደንዘዝ ወይም የኤሌክትሪክ ዓይነት ስሜት ከተሰማዎት በቀጣዩ ቀጠሮ ያሳውቁ፤ በቦታው የሚያልፍ ነርቭ ተነክቶ ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ጊዜ በራሱ ይመለሳል። ከቁስሉ ፈሳሽ መውጣት፣ የሚጨምር መቅላት፣ ትኩሳት ወይም የባት እብጠትና ሕመም ከታየ ግን ቀጠሮ አይጠብቁ፤ በዚያው ሰዓት ይሂዱ።